ቆማ የምትንሸራተት መኪና

ለመጨረሻ ጊዜ የወደቅሁት ከሠላሳ አንድ ዓመት በፊት፣ ደብረ ሲና መናኸሪያ አጠገብ ጭቃ ላይ ነበር። ቀኑን የማልረሳው በማግስቱ የሚዛን ጫማ ስለታደለን ነው። ከዚያ ወዲህ እኔም አልወደቅሁ፣ ጎረቤቴም አልወደቀ። መጀመሪያ መኪና ላይ ብቻ የነበረው የሚዛን መቆጣጠሪያ ወደ ጫማ ወረደ፤ ከጫማ ወደ አልጋ፣ ከአልጋ ወደ ሻይ ብርጭቆ፣ ከብርጭቆ ወደ አህያ ጭነት ተዛመተ። ዛሬ የሠፈራችን ልጆች «ተሰናከለ» የሚለውን ቃል ሲሰሙ ምን ማለት እንደሆነ ይጠይቃሉ። እናቶቻቸው ሊያስረዱ ይሞክሩና መሃል ላይ ሳቅ ይቀድማቸዋል።

ጠዋት ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሁላችንም ለአንድ ደቂቃ ቆመን እንታረማለን። የሚታረሙት እንኳ ጫማዎቻችን ናቸው፤ እኛ ውስጣቸው ስላለን እንቆማለን። የእርማት ማዕከል የሚባለው የያንዳንዱን ጫማና የያንዳንዱን መኪና ወሬ ይሰበስብና፣ ከብዙኃኑ የተለየውን ወደ ብዙኃኑ ይመልሰዋል። ፊቱን የሚታጠብ ሰው ሳሙናው ዓይኑ ውስጥ እንዳለ ይቆማል። ላም የምታልብ ሴት ጡቱን እንደጨበጠች ትቆማለች። ግራ የሚገባት ላሟ ብቻ ናት።

ደምመላሽ እባላለሁ። ጣርማበር አፋፉ ላይ፣ ዓለቱ ላይ የተሠራ ጋራዥ አለኝ። ጋራዥ ልበለው እንጂ ሥራው ከቀረ ቆይቷል። መኪኖች ራሳቸውን ይነዳሉ፣ ሕመማቸውንም ራሳቸው ይናገራሉ። የኔ ድርሻ ቢጫ መብራት የበራበትን መኪና ከማዕከሉ ጋር መልሶ ማገናኘትና መብራቱን ማጥፋት ነው። ከመስከረም ወዲህ ብቻ ከታች ካለው መንደር ከወይራ ገባ የመጡ አርባ አንድ መኪኖችን እንዲህ አድርጌ ሸኝቻለሁ። ሁሉም የመጡት ያንኑ መብራት አብርተው ነበር፤ ከኋላዋ ሁለት የተጣመመ መስመር የምታስከትል ትንሽ የመኪና ሥዕል፣ «እየተንሸራተትኩ ነው» ማለት ነው። አንዱ መኪና አንድ ደቂቃ እንኳ አይፈጅብኝም ነበር። አሁን አርባ አንዱንም በታርጋ ቁጥራቸው አስታውሳቸዋለሁ።

አርባ ሁለተኛዋ የእትዬ አሰገደች ነበረች።

እትዬ አሰገደች ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው። በወጣትነታቸው የመኪና ውድድር ነጂ ነበሩ፤ ዛሬ በአገሪቱ መሪ በእጃቸው እንዲይዙ ከተፈቀደላቸው ስድስት ሰዎች አንዷ ናቸው። መኪናቸው ቀይ፣ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ መሬት ለመሬት የምትሄድ የስፖርት መኪና ናት። ከማዕከሉ ጋር አልተገናኘችም፤ በእጅ የሚነዳ መኪና እንዲገናኝ ሕጉ አይፈቅድም። ሕጉ ሌላም ነገር ይላል። ያልተገናኘ መኪና በምርመራ ሦስት ጊዜ የሚዛን መብራቱ በርቶ ከተገኘ ተወርሶ ብረቱ ይቀልጣል። የእትዬ አሰገደች መኪና ሁለት ጊዜ ተገኝታለች። ሦስተኛው ምርመራ ኅዳር 13 ነበር፤ እኔ ዘንድ የመጡት ኅዳር 9 ነው።

«ደምመላሽ፣ ይቺን መብራት አጥፋልኝ» አሉ ከመኪናዋ ሳይወርዱ።

«ከማዕከሉ ጋር ላገናኛት? አሁኑኑ ይጠፋል።»

«ካገናኘሃት መሪዋን ይፈቱታል። እኔም ተሳፋሪ እሆናለሁ።» ሁለት እጃቸውን ከመሪው አንስተው አሳዩኝ። «በነዚህ ምን ልሠራባቸው ነው?»

እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ። መኪና በገዛ እጄ ከጠገንኩ ዓመታት አልፈው ነበር። ኮፈኑን ከፈትኩ። የባትሪውን ኃይል ለካሁ፣ ደህና ነው። የአራቱን ጎማ ንፋስ አስተካከልኩ። የጎማዎቹን ፍጥነት የሚቆጥሩትን ሴንሰሮች አንድ በአንድ አውጥቼ የብረት ብናኝ ጠረግሁላቸው። ኩሽኔታዎቹን በእጄ አሽከርክሬ በጆሮዬ ሰማሁ። መሪውን ቀጥ አድርጌ፣ ቀጥ ማለት የቱ እንደሆነ መልሼ አስተማርኳት። መብራቱ ጠፋ። እትዬ አሰገደች መርቀውኝ ወደ ወይራ ገባ ወረዱ።

ከአንድ ሰዓት በኋላ ደወሉ። በርቷል።

ተመልሰው መጡ። ጋራዤ ሲደርሱ ጠፍቷል። በሁለት ቀን ውስጥ ሦስት ጊዜ ተመላለሱ፤ እኔ ጋ ስትሆን ጤነኛ፣ ቤቷ ስትገባ በሽተኛ። መካኒክ ፊት የሚደበቅ ብልሽት ከምንም በላይ ያናድዳል። ሁለተኛ ጊዜ ሲመጡ ከመቀመጫው ሥር ያለውን፣ የመኪናዋን መዞርና መንሸራተት የሚያውቀውን ዋናውን ሴንሰር በአዲስ ቀየርኩት። አዲሱም ያንኑ ነገር ተናገረ፦ መኪናዋ ቆማ ሳለ ወደ ግራ እየተንሸራተተች ነው።

ኅዳር 11 ከሰዓት በኋላ ዕቃዬን ይዤ ራሴ ወረድኩ።

ወይራ ገባ ከጣርማበር በታች፣ ተራራው ወገቡ ላይ እንደ መደርደሪያ ወጣ ባለበት የተቀመጠ መንደር ነው። ከመንደሩ ግራ በኩል ገደሉ ይጀምራል፤ ከገደሉ ማዶ ቆላው ነው። መንገዱ በሰው ተጨናንቆ ነበር። ማግስቱ ኅዳር ሚካኤል ነው፤ የዘንድሮው ደግሞ እንደ ሌላው ጊዜ አልነበረም። ከነሐሴ ጀምሮ የወይራ ገባ ሚካኤል ስሙ በየአገሩ ወጥቷል። ጫማውን አውልቆ ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ የቆመ ሰው፣ ቅዳሴው ጸጥ ሲል፣ ከእግሩ ሥር አንዳች መንቀጥቀጥ ይሰማዋል። ሕዝቡ «የእግር በረከት» ይለዋል። ከሸዋ ሮቢት፣ ከደብረ ብርሃን፣ ከአጣዬ በየእሑዱ ይመጣ ነበር።

እኔም በጥቅምት ሄጄ ነበር። ጫማዬን በር ላይ ትቼ ገባሁ። ከጫማ ውጭ የምንቆምበት ቦታ ዛሬ ከአልጋችንና ከቤተ ክርስቲያን በቀር የለም፤ አልጋውም ቢሆን ሚዛን አለው። መጀመሪያ ምንም አልነበረም። ኋላ ካህኑ ድምፁን ሲያወርድ ከሥር መጣ፤ በተረከዜ ገብቶ እስከ ጉልበቴ ወጣ። አለቀስኩ። ከጎኔ የቆመውም ሰው ያለቅስ ነበር። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ጋራዤ ተመልሼ የሦስት የወይራ ገባ መኪኖችን ቢጫ መብራት አጠፋሁ።

የእትዬ አሰገደች ግቢ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጋር ይዋሰናል። መኪናዋን አራቱንም ጎን በክሪክ አንስቼ ጎማዎቿን ፈታሁ። ጎማ የሌላት መኪና አየር ላይ ተንጠልጥላ «ወደ ግራ እየተንሸራተትኩ ነው» አለች። ሴንሰሩን ከመቀመጫው ሥር ፈታሁና በረጅም ሽቦ አድርጌ ግቢው መሃል ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አስቀመጥኩት። አሁን ከመኪናዋ ጋር የሚያገናኘው ሽቦው ብቻ ነው። ወደ ግራ።

«ይሄም ተበላሽቶ ይሆናል» አልኩ። እኔው ራሴ አላመንኩትም።

እትዬ አሰገደች በርጩማ ላይ ተቀምጠው ያዩኝ ነበር። «አዙረው» አሉ።

«ምኑን?»

«ዕቃውን። በውድድር ጊዜ የሚዋሽ ዕቃ ሲገጥመን እናዞረው ነበር። ውሸታም ብታዞረውም ያንኑ ይደግማል።»

ሴንሰሩን ፊቱን ወደ ኋላ አድርጌ አዞርኩት። ትንሽ ቆየና «ወደ ቀኝ» አለ። እንደገና ሩብ አዞርኩት። «ወደ ፊት» አለ። ከዚያ ግማሽ አዞርኩት። «ወደ ኋላ»። በየአቅጣጫው እያዞርኩ ድንጋዩ ላይ በጠመኔ መስመር አሰመርኩ። አራቱም መስመር የሚያመለክተው አንድ ቦታ ነው፤ ገደሉን።

እትዬ አሰገደች ተነስተው መስመሮቹን አጎንብሰው አዩ። «እና የሚንሸራተተው ምንድን ነው?»

«ግቢዎ ነው፣ እትዬ።»

ዙሪያዬን ተመለከትኩ። ቤቱ፣ አጥሩ፣ ባሕር ዛፎቹ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ጉልላት ሁሉም ባሉበት ነበሩ። ሁሉም አብረው ስለሚሄዱ የሚሄድ ነገር አይታይም። የመኪናዋን ማኅደር ከፍቼ ወደ ኋላ አነበብኩ። በመስከረም በቀን የፀጉር ውፍረት ያህል ነበር። አሁን በሰዓት የጥፍር ውፍረት ያህል ሆኗል፤ ከጠዋት ወዲህ ደግሞ ጨምሯል። ጋራዤ ዓለት ላይ ስለሆነ፣ ሴንሰሮቿ ከተጠረጉ ወዲህ እዚያ ስትደርስ መብራቱ ይጠፋል፤ የተገናኙት መኪኖች መብራት ግን ማዕከሉ ካላጠፋው አይጠፋም። መኪናዋ አንድ ጊዜ እንኳ አልዋሸችም። ያ አርባ አንድ መኪናም አልዋሸም ነበር፤ ተራራው ሲነሳ እየመጡ ነግረውኝ ነበር፣ እኔም በየተራ ዝም አሰኝቻቸዋለሁ። ይህ ሲገባኝ እግሬ ከዳኝ። ጫማዬ ግን ቀጥ አድርጎ አቆመኝ።

ማዕከሉ ጋ ደወልኩ። ድምፁ ትሑት ነበር።

«በወይራ ገባ በአሁኑ ሰዓት ስምንት ሺህ ሁለት መቶ ጥንድ ጫማ አለ» አለኝ። «ሁሉም እርስ በርሳቸው ሲመዘኑ ባሉበት ናቸው። የተለየው የእርስዎ መሣሪያ ብቻ ነው።»

«አርባ ሁለት መኪና ነው የተለየው። አርባ አንዱን ያረምኩት እኔ ነኝ፣ በስሕተት።»

«አርባ አንዱ ታርመዋል። ስለ ትብብርዎ እናመሰግናለን።»

ስልኩን ዘጋሁ። እትዬ አሰገደች ነጠላቸውን እያጣፉ ነበር። «ሕዝቡ የኔንና ያንተን ቃል ሰምቶ በበዓሉ ዋዜማ ከሚካኤል ደጅ አይነሳም» አሉ። «ና፣ አባ ጋ እንሂድ።»

የደብሩ አስተዳዳሪ አባ ወልደ ሰንበት ናቸው፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ሲናገሩ የማይቸኩሉ ሰው። በቤተ ክርስቲያኑ ጓሮ አገኘናቸውና መስቀል ተሳለምን። ሴንሰሩን ከእጅ መመርመሪያዬ ጋር አያይዤ መሬት ላይ አስቀመጥኩ፣ አዞርኩ፣ አሳየኋቸው። እስከ መጨረሻው አጎንብሰው አዩ። በባዶ እግራቸው ነበሩ።

«እግራችን የሚሰማው በረከት አይደለም ልትለኝ ነው የመጣኸው?»

«አይደለም አባ። እኔም ተሰምቶኛል፣ አልቅሼበታለሁ። መሬቱ እየሄደ ነው ልልዎት ነው።»

«መሬቱስ የማን ነው?» አሉ። ከዚያ ዞረው ሄዱና ተከተልናቸው። ከቤተልሔሙ ኋላ፣ የቅዳሴው ኅብስት ከሚዘጋጅበት ጎጆ ግድግዳ ሥር፣ አዲስ የተደፈነ አፈር በረጅሙ ተጋድሟል። «ሦስት ጊዜ አስደፍኜዋለሁ» አሉ። «ሦስት ጊዜ ተከፈተ። ለማንም አልተናገርኩም። ሕዝቡ በደስታ እየመጣ፣ ደስታውን ልቀማው አልፈለግሁም። ይህ የኔ ጥፋት ነው።»

«የኔ አርባ አንድ ነው፣ አባ» አልኳቸው።

ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቴን በደንብ አዩት። «እስከ ነገ ይቆያል?»

«አላውቅም። ዛሬ ማታ ቢነሱ ይሻላል።»

«ዛሬ ብናገር ግማሹ ይስቃል፣ ግማሹ ምልክት ነው ብሎ እዚሁ ይሰግዳል። ታቦቱ ያለበትን ቦታ ጥሎ የሚሄድ የለም።» ወደ መቅደሱ ዞሩ። «ታቦቱ ከሄደ ግን የሚቀር የለም። ነገ ማለዳ ይወጣል። ሦስት ጊዜ ቤተ ክርስቲያኑን ዞሮ ይገባል፤ ሥርዓቱ እንዲያ ነው።» ከዚያ እጃቸውን ወደ ላይ፣ ወደ ጣርማበር ዘርግተው «ያንተ ጋራዥ ያለበት ዓለት ነው አይደል?» አሉ።

«ዓለት ነው፣ አባ።»

ኅዳር 12 ጠዋት አሥራ አንድ ሺህ ያህል ሰው ነበር። ጫማው በየበሩ፣ በየአጥሩ ሥር ተከምሯል። የቅጽሩ ምድር ዛሬ ቅዳሴው ጸጥ እስኪል አልጠበቀም፤ ከበሮው እየተመታ፣ እልልታው እየቀለጠ እንኳ እግራችን ሥር ይርገበገብ ነበር። ሰዉ ተደስቷል። እኔ ወደ ገደሉ አያለሁ።

ታቦቱ በዣንጥላ ታጅቦ ወጣ። አንድ ጊዜ ዞረ። ሁለተኛ ዞረ። በሦስተኛው ዙር፣ ወደ መግቢያው መታጠፍ ሲገባው፣ አባ ወልደ ሰንበት ቀጥ ብለው ወደ አጥሩ በር አመሩ፤ ታቦቱም ተከተላቸው። መዘምራኑ አንድ ጊዜ ተደነጋገሩ፣ ከዚያ ዜማውን ሳያቋርጡ ተከተሉ። ወዴት ነው ብሎ የጠየቀ አልሰማሁም። በሩ ጠባብ ነው፣ ጫማ ለመፈለግ ጊዜ የለም፣ ታቦት እየሄደ ጫማ የሚፈልግ ሰውም የለም። አሥራ አንድ ሺህ ሰው ጫማውን ትቶ በባዶ እግሩ ወደ ዳገቱ ወጣ። የመንደሩ ሰው አልጋ የያዘውን ሽማግሌ እየተሸከመ፣ ሕፃኑን እያዘለ ከየቤቱ ወጣ። እትዬ አሰገደች ሁለት መራመድ የማይችሉ አሮጊቶችን በጎናቸው ባለው አንድ መቀመጫ ላይ ደርበው፣ መሪውን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ከሕዝቡ ኋላ በእግር ፍጥነት ነዱ። ጎማዋንና ሴንሰሯን ማታውን መልሼ ገጥሜላቸዋለሁ፤ ቢጫው መብራት እንደበራ ነበር።

እንግዲህ ስለ መውደቅ ልናገር። አስፋልቱ ቀዝቃዛ ነው፣ ጠጠር አለው፣ እኛም መራመድ የሚባለውን ነገር ረስተነዋል። መጀመሪያ የወደቀች አንዲት ወጣት ናት፤ ተቀምጣ መዳፏን በመገረም ታየው ነበር። ከዚያ አንድ ጎልማሳ፣ ከዚያ ሦስት ሰው ተያይዞ። እኔም ሁለተኛው ኩርባ ላይ ወደቅሁ። ጉልበቴ ተላጠ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ያልነካኝ መሬት ነካኝ፣ እዚያው እንዳለሁ መንቀጥቀጡን በእጄም በጉልበቴም ሰማሁት። የማላውቃቸው ሰዎች በብብቴ ገብተው አነሱኝ። በዚያ ዳገት ሳይወድቅ የደረሰ ሰው አላየሁም፣ ታቦቱን ከተሸከሙት ካህን በቀር። እሳቸው አንድ ጊዜ እንኳ አልተደናቀፉም።

አምስት ሰዓት ተኩል ላይ የመጨረሻው ሰው ዓለቱ ላይ ወጣ። እትዬ አሰገደች መኪናዋን ጋራዤ በር ላይ አቆሙ። ታቦቱ ከጋራዤ ፊት፣ ዕቃ ከምዘረጋበት ሜዳ ላይ፣ በተነጠፈ ምንጣፍ ላይ ቆመ። እግሬ ሥር ምንም አልነበረም። ዝም ያለ ዓለት።

ስድስት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ተራራው ሄደ።

ፈረሰ ማለት አልችልም። ቁልቁል ሲንኮታኮት አላየሁትም። መንደሩ ያለበት መደርደሪያ በሙሉ፣ እርሻው ከነአጨዳው፣ ባሕር ዛፉ ቀጥ ብሎ እንደቆመ፣ አንድ ላይ ተነስቶ በእርጋታ ወደ ታች ተጓዘ። ድምፁ ኋላ ነው የደረሰን፤ በጆሮ ሳይሆን በደረት የሚሰማ ድምፅ። የወይራ ገባ ሚካኤል ጉልላት ሳያጎነብስ፣ በዛፎቹ ታጅቦ፣ ቆላው ድረስ ሲወርድ አየነው። ከላዩ የወጣው አቧራ ፀሐይዋን ቢጫ አደረጋት። እኔ በሕይወቴ ያን ያህል ትልቅ ነገር አላየሁም፤ ፈርቼ ሳይሆን ትንሽነቴን አውቄ በግንባሬ ተደፋሁ። ቀና ስል ሁሉም ተደፍቷል።

የእትዬ አሰገደች ቤትም አብሮ ሄዷል። እሳቸው ግን የሚያዩት ወደዚያ አልነበረም። በመኪናዋ መስኮት አጎንብሰው ዳሽቦርዱን ያዩ ነበር።

«ደምመላሽ፣ መኪናዋ ዓለት ላይ ናት አይደል? ከቆመች እኮ ቆይታለች።»

«ናት።»

«እስካሁን በርቶ ነበር። አሁን ጠፋ።»

ሄጄ አየሁ። ጠፍቷል። ዓለቱም ቢሆን እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ከሥሩ ይሳብ እንደነበር የነገረችን እሷ ናት። እግሬ ያልሰማውን ሰምታለች። እጄን ኮፈኗ ላይ አሳረፍኩ።

በማግስቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ጣርማበር ላይ ማንም አልቆመም። ሰዉ በባዶ እግሩ ውኃ ይቀዳል፣ ዳስ ይጥላል፣ ልጆች ሆን ብለው እየወደቁ ይሳሳቃሉ። የማዕከሉ የማለዳ መግለጫ እንደወትሮው ተነበበ። «ወይራ ገባ፦ አሥር ሺህ ዘጠኝ መቶ ጥንድ ጫማ። እርስ በርሳቸው ሲመዘኑ ባሉበት ናቸው። የወደቀ ሰው የለም።»

ሦስት ሰዓት ላይ የምርመራው መሣሪያ መጣ። የቀይዋን መኪና ዙሪያዋን ዞረ፣ መብራቱን አየ፤ መኪናዋ ምርመራውን አለፈች። ሊሄድ ሲል ጥገናውን ያካሄደው ባለሙያ ቅጽ እንዲሞላ ጠየቀ። ቅጹ ላይ አንድ ክፍት ቦታ ነበር፦ «የተጠገነው ክፍል»።

እትዬ አሰገደች በመሪው ላይ እጃቸውን አሳርፈው ተቀምጠዋል። «ምን ልጻፍ?» አልኳቸው።

«እውነቱን ጻፍ እንጂ።»

«መካኒኩ» ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ።